ከሳር ቤት እስከ ፉሪ፣ በጳጉሜን

በጳጉሜን 2017 ዓ.ም የአዲስ አበባው ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ከፀሐይ ቀድሞ ይነቃ ነበር። ከመቂና ከባቱ ሌሊቱን ሲገሰግሱ ያደሩ አይሱዙዎች ጀርባቸውን ለመደቡ ሰጥተው ያራግፋሉ። ጫኝና አውራጁ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ «ዞር በል! ዞር በይ!» እያለ ጭቃውን ይሰነጥቃል። ቀይ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ቃሪያው በአንድ ሽታ ተደበላልቆ የዶሮ ወጥ ሰሞን መድረሱን ያውጃል።

ለችርቻሮ ከሚገዙት መካከል ጀሞ ውስጥ ጉልት የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ሽንኩርት ሲመርጡ ቀለሙን አያዩም፤ አውራ ጣታቸውን አንገቱ ላይ አሳርፈው ጫን ያደርጋሉ። ደርቆ ከጠነከረ ወደ ጆንያቸው ይገባል፣ ከለሰለሰ ወደ ክምሩ ይመለሳል። አንገቱ ያልደረቀ ሽንኩርት ብዙ ሳይቆይ ከውስጥ ይበሰብሳልና።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የመቂ ነው፤ አይመረጥም፣» ይላል ሻጩ።

«የመቂም ቢሆን ልጄ፣ ደረቁን ከላይ እርጥቡን ከሥር አድርጋችሁ ነው የምትሞሉት። እኔ ደግሞ የምሸጠው ለጎረቤቶቼ ነው፣» ይላሉ፤ አልተቆጡም፣ እጃቸውም ሥራውን አላቆመም።

ለአዲሱ ዓመት ምን ይመኛሉ ሲባሉ መልሳቸው አጭር ነው፦ «ዋጋው አንድ ቦታ ይርጋልኝ።» ይርከስ አላሉም። ዛሬ የገዙበትና በማግስቱ የሚገዙበት ዋጋ ካልተቀራረበ ለዕቁብ ስንት፣ ለልጅ ደብተር ስንት፣ ለነገ መግዣ ስንት እንደሚያስቀምጡ ማስላት አይችሉም። ርካሹ ቀን አልፎ ውዱ ሲመጣ ያስቀመጡት ገንዘብ ግማሽ ጆንያም አይሞላም። ስለዚህ የሚለምኑት ነገር እንዲረጋላቸው ነው፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል ባይ ናቸው። ከሳር ቤት እስከ ፉሪ በሚወርደው መንገድ ላይ ያገኟቸውን ሰዎች ሁሉ ስለ አዲስ ዓመት ቢጠይቁ፣ መልሱ በሌላ ቃል ቢነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ገበያው ራሱ የመርጋትን ዋጋ ያውቃል። ለብዙ ዘመን አትክልት ተራ ማለት ፒያሳ ነበር። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባና ሕዝብ መራራቅ አለበት ሲባል ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ ጃን ሜዳ ሰፈረ። ጃን ሜዳ ደግሞ የጥምቀት ሜዳ ነው፤ በ2013 ዓ.ም ታቦታቱ ወደሚያድሩበት ስፍራቸው እንዲመለሱ ሜዳው መለቀቅ ነበረበት። ነጋዴው እንደገና ተነሥቶ በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ አሁን ያለበትን ቦታ ያዘ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የተነሣ ነጋዴ ደንበኛውን ሁለት ጊዜ ከዜሮ ይፈልጋል። ዛሬ በሩ ላይ ጀበና ጥደው ቡና የሚያፈሉ ሴቶች፣ ጥግ ይዘው ጫማ የሚጠርጉ ልጆች፣ ለጫኞች ሽሮና ፓስታ የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች ሁሉ የተሰባሰቡት ገበያው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መክረም ከጀመረ በኋላ ነው።

2017 በዋጋ በኩል መርጋት ያልታየበት ዓመት ነበር። ነገሩ የጀመረው 2016 ሊያልቅ ሲል፣ ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ ለገበያ ሲለቅቀው ነው። 57 ብር ግድም የነበረው የአንድ ዶላር ይፋ ዋጋ በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ አዲሱ ዓመት ሳይገባ 100 ብርን ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የመኪና መለዋወጫውም ተከታትሎ ወጣ። ቤንዚን በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ በሊትር ከ100 ብር አለፈ። ጥቅምት ላይ መርካቶ ሸማ ተራ ተቃጥሎ የስንቱ ነጋዴ የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አፋር ውስጥ ፈንታሌ አካባቢ የበረታው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ተሰማ። ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ልጆቹን አቅፎ ደረጃውን ሲወርድ ያየውን በቀላሉ አይረሳም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ የሚያደክመው የአገር ቤት ነገር ነው። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎና ሸዋ ዘመድ ያለው ብዙ ሰው እዚህ ክፍለ ከተማ ይኖራል። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የዘለቀው ግጭት ለበዓል እናትን ጠይቆ መመለስ እንደ ድሮው ቀላል እንዳይሆን አድርጎታል። ለቡ የሚገኘው፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም የተመረቀው የባቡር ጣቢያ ጅቡቲ የሚደርሰውን ሐዲድ ይዞ ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ድሬዳዋ ዘመድ ያለው ሰው ሻንጣውን ይዞ ወደዚያ ይሄዳል። ወደ ሰሜን የሚሄደው ግን መጀመሪያ ይደውላል። «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እናትም ናፍቆታቸውን ውጠው «ዘንድሮ ይቅርብህ ልጄ፣ ለመስቀል ሰላም ከሆነ ትመጣለህ» ይላሉ። ይህ የስልክ ንግግር በየቤቱ ሲደጋገም መስማት ያማል። አንድ ሰው ለአዲስ ዓመት ከሚመኘው ሁሉ እናቱን ከማየት ያነሰ ምን አለ? ይህን ማጣት የለበትም።

መንገዱን ራሱን ያየ ሰው ዓመቱ ምን እንደሠራ በዓይኑ ያነብባል። በ2017 ዓ.ም የተጀመረው ሁለተኛው ዙር የኮሪደር ልማት ከሳር ቤት ተነሥቶ በካርል አደባባይ፣ በብሥራተ ገብርኤል፣ በአቦ ማዞሪያና በላፍቶ አደባባይ አልፎ ፉሪ ይደርሳል። ቀድሞ አጥርና ሱቅ ጠርዙ ድረስ የተጠጉበት መንገድ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መሥመርና የመንገድ መብራት አለው። ማታ ማታ ሕፃናት ያለ ስጋት የሚሮጡበት፣ አዛውንቶች በእርጋታ የሚንሸራሸሩበት ቦታ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚያጣጥል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ በእግሩ ሄዶ አያውቅም። መንገዱ ሲሰፋ ግን ከጠርዙ ላይ የተነሣ ቤት፣ የተነሣ ሱቅ፣ የተነሣ ጉልት አለ። ምትክ ያገኘውም ሆነ ካሳ የተቀበለው ሰው እኩል የሚያነሣው ሌላ ዓይነት ጉድለት አለ፤ ገንዘብ አይተካውም።

ካርል አደባባይ ላይ የቆመው ሐውልት የኦስትሪያዊው ተዋናይ የካርል ሀይንዝ በም ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ተመልካቹን በውርርድ አነሣሥቶ በሰበሰበው ገንዘብ ለተፈናቃዮች በኤረር ሸለቆ ሥራ የጀመረ፣ ኋላም ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ እስከ ዕድሜው ማብቂያ ኢትዮጵያን የሙጥኝ ያለ ሰው ነው። የዛሬ መንገደኛ ፎቶ ሊነሣ ሲቆም ይህን ባያስታውስም፣ ከሥፍራቸው ለተነሡ ሰዎች የደከመ ሰው በዚህ መንገድ ላይ መቆሙ ተገቢ ነው።

ያን ገንዘብ የማይተካውን ጉድለት አንዲት እናት ያውቁታል። በመልሶ ማልማት ከካዛንቺስ ከተነሡት ብዙዎቹ ገላን ጉራ ሲገቡ እሳቸው ጀሞ ያለችው ልጃቸው ዘንድ መጡ። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ውኃ አለ፣ መታጠቢያ አለ፣ ጣሪያው አያፈስም። የሚከፋቸው በሌላ ነው። ካዛንቺስ ሳሉ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ የዕድራቸው ስብሰባ ነበር። መዋጮ ይከፍላሉ፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። አሁን አባላቱ ገላን ጉራ፣ አራብሳ፣ ጀሞ፣ ከዚያም ራቅ ብለው ተበትነዋል። ድንኳኑ የማን ቤት ነው? መዝገቡስ? ዳኛው የት ገቡ? ባለፈው የክረምት ወራት አንድ የቀድሞ ጎረቤት አርፈው ወሬው ለእሳቸው የደረሰው ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ነበር። «እኔ ብሞት ማን ይሰማል?» አሉ አንድ ቀን፣ ልጃቸው ቡና እያፈላች። ልጅቱ መልስ አጣች።

አዲስ አበባ ውስጥ ዕድር ከመቅበሪያ ማኅበርነት አልፎ የሰፈሩ አከርካሪ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም። ለቅሶ ቤት ወጥ የሚሠራው፣ ወንበር የሚያቀርበው፣ ሌሊቱን ከሐዘንተኛ ጋር የሚያነጋው እሱ ነው። ሰው ሲፈናቀል ቤት ሰጥቶ ዕድሩን እንዳለ ማዛወር የሚቻልበት መንገድ ቢታሰብ፣ አንድ መንደር አንድ ብሎክ ላይ ቢሰፍር፣ የስንቱ እናት እንቅልፍ ይመለስ ነበር። ይህ ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ ዝርዝሩ ሲወጣ ጎረቤትን ከጎረቤት አለመለየት ነው።

ተከራይ ለሆነ ሰው ደግሞ የመርጋት ጥያቄ በየወሩ ነው የሚመጣው። መጋቢት 2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ መንግሥት በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን ነው የሚለው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ በየግቢው ይሠራል ለማለት አይቻልም፤ በቃል የሚከራይና የሚያከራይ ብዙ ነው። ቢሆንም ላፍቶ አካባቢ አንድ ክፍል ይዞ ሁለት ልጆች የሚያሳድግ ጥበቃ ውሉን አስመዝግቦ ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሱ መሐል አስቀምጧል። «ቢያንስ እስከ 2019 አልነሣም፣» ይላል። የመንግሥት ሠራተኛዋ ሚስቱ ደግሞ መስከረምን ትጠብቅ የነበረው በሌላ ምክንያት ነው። ነሐሴ ላይ ይፋ በሆነው የደመወዝ ማስተካከያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር እንዲያድግ ተወስኖ ነበር። ከሥራ ግብር ነፃ የሆነው የደመወዝ መጠንም ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ባልና ሚስቱ ማታ ቁጭ ብለው ጭማሪውን ለሦስት ነገር ደልድለውታል፤ ቅቤ ከድልድሉ ውጭ ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት የመንግሥት በመሆኑ ደንብ ልብሱም የቀን ምግቡም ከከተማ አስተዳደሩ ነው፣ ያ ባይኖር ኖሮ ጭማሪው ገና ሳይመጣ ያልቅ ነበር።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። በዚያ ቀን የሚጥለው ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ስለሚታመን ዳመናው ሲጠቁር የጀሞ ልጆች ከየፎቁ ይጎርፋሉ። ትንንሾቹ በቁምጣ፣ ትልልቆቹ ከነልብሳቸው፣ በብሎኮቹ መካከል ያለው ሜዳ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይሽከረከራሉ። ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ውኃ ሥር ለመቆም ይጋፋሉ፤ ወረፋ የሚያስይዝ አንድ ጎረምሳም አይጠፋም። እናቶች በረንዳ ላይ ቆመው «ብርድ ይመታሃል፣ ግባ!» ይሉና መልሰው ራሳቸው ሳፋ ያስቀምጣሉ። በሳፋው የተጠራቀመው ውኃ ለታመመ አያት ይቀመጣል፣ ከሊጥም ይጨመራል። አንዱ ልጅ ሌላውን «አንተ ምን ተመኘህ?» ይለዋል። «አንደኛ መውጣት።» «እኔ ግን ቤታችንን እንዳንቀይር ነው።» የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ሲመኝ መስማት ዓመቱ ምን ያህል ቤት ውስጥ እንደገባ ያሳያል።

በማግስቱ፣ ጳጉሜን 4፣ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ጀሞ አደባባይና ላፍቶ ያሉ ካፌዎች ቴሌቪዥናቸውን ከፍ አድርገው ከፍተው ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል የተወለደ ሕፃን አሁን 14 ዓመቱን አልፏል። 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለው ግድብ ያለቀው ባለሥልጣናት በተለዋወጡበት፣ ጦርነት በመጣበት፣ ሥራውን ይመሩ የነበሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም ሕይወታቸው አልፎ ሳለ ነው። ጠረጴዛ ላይ ማኪያቶ ያስቀመጡ ጡረተኛ መምህር ለአስተናጋጇ «እኔም የወር ደመወዜን ሰጥቻለሁ» አሏት። በየወሩ እየተቆረጠባቸው የገዙትን ቦንድ ከልደት ምስክር ወረቀት ጋር አስቀምጠውታል። «እንኳን ደስ አለዎት፣ አባባ፣» አለቻቸው፤ ቀጠል አድርጋም «እኛም ሰፈር መብራቱ ይርጋልን እንጂ» ብላ ሳቀች። ደግ ምኞት ነው፣ ትክክለኛም ነው።

ትልቅ ምኞት በትልቅ ቀን ሲመጣ ይህ ሕዝብ አይቶ ያውቃል። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ቡሬና ዛላምበሳ ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ተከፈተ። ሃያ ዓመት የተለያየ ዘመድ መሬት ላይ ተንበርክኮ ተላቀሰ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያ በር መልሶ ተዘጋ። በ2013 ዋዜማም የአምስት ወሩ የኮሮና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አብቅቶ፣ ሕዳሴ የመጀመሪያ ሙሌቱን አጠናቆ፣ ሰው ‹‹ክፉው አለፈ›› ብሎ አበባውን ተቀባበለ፤ ጥቅምት ላይ የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ። ዛሬ ምኞቱ ወደ ሽንኩርት፣ ወደ ኪራይ፣ ወደ ዕድር የወረደው ሰው ተስፋ ስለቆረጠ ነው የሚሉ አሉ። እንዲያ አይመስልም። ትልቁ ተስፋ ሁለት ጊዜ ከእጁ ያመለጠው ሰው በእጁ ሊጨብጠው የሚችለውን መርጧል፣ ያንን ደግሞ በትጋት ይሠራበታል።

ዋዜማው ረቡዕ ነበር። ላፍቶ አደባባይ ዙሪያ ቄጠማና ችቦ የሚሸጡ ሰዎች ጠርዙን ይዘዋል፤ ከበግ ተራ የተገዛ ሙክት በባጃጅ ጀርባ ያልፋል። ማታ የየብሎኩ ችቦ ተለኮሰ። በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ዘመነ ማቴዎስ ለዘመነ ማርቆስ ቦታውን ሲለቅ ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች አደይ አበባና እርጥብ ሣር ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ፎቅ ለፎቅ ወጡ፣ ወረዱ። ወንዶቹ በቀለም የሣሉትን ፀሐይና መልአክ በየበሩ አደሉ። ከካዛንቺስ የመጡት እናት ቤት ሲደርሱ በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ቡድኑን «የማን ልጅ ነሽ? አንቺስ?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁ፤ ስማቸውን፣ የእናታቸውን ስም፣ የብሎካቸውን ቁጥር። የሰጡት ብር ብዙ አልነበረም። ልጆቹ ሲወርዱ ግን እናትየው የአሥራ አንድ ቤት ሰው አውቀዋል።

በሳምንቱ ልጃቸው ለአዲስ ዕድር መዝገብ የሚሆን ደብተር ገዝታ አሰመረችላቸው። ስምንት ቤት ፈርሟል፤ ሁለቱ እንደሳቸው ከሌላ ሰፈር የተነሡ ናቸው። ጉልት የሚሸጡት እናትም ተመዝግበዋል፣ ለቅሶ ሲሆን ሽንኩርቱን በገዙበት ዋጋ እንደሚያቀርቡ ተናግረዋል። የመጀመሪያው ስብሰባ የተቀጠረው በመስቀል ማግስት፣ እሑድ መስከረም 18 ቀን ነው። ገና ያልተፈታው የዕቃው ጉዳይ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድንኳን፣ ትልልቅ ድስትና አግዳሚ ወንበር የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤት አንዱ ክፍል ቁልፍ ተደርጎበት ባዶውን ከርሟል። ቁልፉን የያዘውን የብሎክ ኮሚቴ ሰብሳቢ ማን ሄዶ ያነጋግረው በሚለው ላይ ተከራክረው ሁለት ሰው መርጠዋል፤ አንደኛዋ ከካዛንቺስ የመጡት እናት ናቸው።